የወተት ጥርስ በፎገራ፦ ለቁራ የሚሰጠውና በጋለ መርፌ የሚወሰደው

ልጅ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲል ከታች ከፊት ካሉት ጥርሶቹ አንዱ መነቃነቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በወረታ ከተማም ሆነ በሩዝ ማሳዎቹ መካከል ባሉት የፎገራ መንደሮች ለማንም እንግዳ አይደለም። ልጁ ጥርሱን በምላሱ ሲገፋ ይውላል፤ አያቱ «ተው አትነካካው፣ ጠማማ ይበቅልብሃል» ይሉታል። ታላላቆቹ «ና በክር አስረን እንሳብልህ» እያሉ ያሯሩጡታል። ጥርሱ ሲወልቅ አፉን ይጉመጠመጣል፣ ጥርሱን ጨብጦ ደጅ ይወጣል፣ ወደ ቤቱ ጣሪያም ይወረውረዋል። ሲወረውር ዝም አይልም። ቁራን ወይም ሌላ ወፍ ጠርቶ አሮጌውን እንዲወስድለት፣ በምትኩም ያማረ ነጭ ጥርስ እንዲሰጠው ይለምናል። የልመናው ቃል ከቤት ቤት፣ ከመንደር መንደር ይለያያል፤ አሳቡ ግን አንድ ነው።

ይህ ልማድ የፎገራ ብቻ አይደለም። በጎንደርና በጎጃም፣ በሸዋና በአዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ስለ ጥርስና ስለ ጣሪያ ሲጠየቅ ፊቱ ይፈካል። ፎገራን ለዚህ ዳሰሳ የተሻለ መነሻ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። ፎገራ ባለበት በደቡብ ጎንደር የወተት ጥርስ ሁለት ዓይነት ወግ ኖሮታል። አንደኛው ጥርሱ ጊዜውን ጠብቆ ሲወልቅ በደስታ የሚሸኝበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ፣ ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው፣ በሹል ብረት ተፈልፍሎ የሚወጣበት ነው። ሁለቱም የሚመነጩት ከወላጅ ፍቅር ነው። አንዱ ሊጠበቅ፣ ሌላው ግን ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል።

መጀመሪያ ስለ ጣሪያው። የፎገራ ቤት ለረጅም ዘመን ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነበር። ሣር ክዳን ላይ የተወረወረ ጥርስ እዚያው ሰምጦ ይቀራል፤ ማንም አያገኘውም። ዛሬ ከወረታ እስከ ጣና ዳር ባሉት መንደሮች ቆርቆሮው በዝቷል። ጥርስ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይሰማል፣ አንዳንዴም ተንከባሎ ይወርዳል፤ ልጁም ከመሬት አንሥቶ እንደገና ይወረውራል። የክዳኑ ለውጥ ልማዱን አላጠፋውም፤ እንዲያውም ለልጁ ጥርሱ መድረሱን በጆሮው የሚያረጋግጥበት ነገር ጨምሮለታል።

ከሰው አካል የሚለይ ነገር በአገራችን ዝም ብሎ አይጣልም። የሕፃን እትብት በቤቱ አካባቢ ይቀበራል፤ ሰው ከዓመታት በኋላ አገሩን ሲያስብ የሚያነሣው ያንን ቦታ ነው። የተላጨ ፀጉርና የተቆረጠ ጥፍር ጠላት እንዳያገኘው፣ ድግምት እንዳይሠራበት ተብሎ ይሸሸጋል። ጥርስም ከእነዚሁ ወገን ነው፤ ልዩነቱ ወደ ላይ መሄዱና በደስታ መሄዱ ነው። እትብት በአዋቂዎች እጅ ይቀበራል። ጥርስን ግን ልጁ ራሱ ይሸኛል። ምናልባትም ልጅ በገዛ አካሉ ላይ የሚፈጽመው የመጀመሪያው ሥርዓት ይህ ነው፤ ልማዱ ከሌሎች ይልቅ በትዝታ ጎልቶ የሚቀረውም ስለዚህ ይመስላል።

የዓለምን ልማዶች ያነጻጸሩ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ብዙ ጽፈዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ፍሬዘር «ወርቃማው ቅርንጫፍ» በተሰኘው ታላቅ ሥራው ከአካል የተለየ ነገር ከባለቤቱ ጋር እንደተቆራኘ ይቀጥላል የሚለውን እምነት ሲያብራራ ጥርስን ጠቅሷል። በፓስፊክ ውቅያኖስ በራሮቶንጋ ደሴት ልጆች ጥርሳቸውን በሣር ክዳን ላይ እየወረወሩ አይጥን ይለምኑ እንደነበር ጽፏል። ምክንያቱም አይጥ በክዳኑ ውስጥ ጎጆ ትሠራለች፤ ጥርሷም ከሁሉ የጠነከረ ነው ተብሎ ይታመናል። ታውንኤንድ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በብሪታንያ የጥርስ ሐኪሞች መጽሔት ባሳተመው ጥናት በዓለም ዙሪያ የወተት ጥርስ የሚሸኝባቸውን መንገዶች በዘጠኝ መደባቸው። ወደ ፀሐይ መወርወር፣ እሳት ውስጥ መጣል፣ በእግሮች መካከል ወደ ኋላ መወርወር፣ ጣሪያ ላይ መወርወር፣ የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ ማኖር፣ መቅበር፣ እንስሳ እንዳያገኘው መደበቅ፣ ዛፍ ወይም ግድግዳ ላይ ማስቀመጥ፣ መዋጥ ናቸው። የፎገራው ልጅ በዚህ መደብ ውስጥ ቦታው ግልጽ ነው፤ በጣሪያ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች አሉት። የኮርያ ልጆችም ጥርሳቸውን ጣሪያ ላይ ወርውረው የቁራ ዘመድ የሆነችውን ካቺ የምትባለውን ወፍ ይለምናሉ። በጃፓን የታችኛው ጥርስ ወደ ጣሪያ፣ የላይኛው ከወለል በታች ይጣላል፤ አዲሱ ጥርስ ወደ አሮጌው አቅጣጫ እንዲያድግ ነው። በግብፅና በሌሎች የዐረብ አገሮች ልጆች ጥርሳቸውን ወደ ፀሐይ ይወረውራሉ።

በፈረንሳይና በስፔን ጥርሱን ወስዶ ሳንቲም የመተው ሥራ የአይጧ ነው። ሉዊስ ኮሎማ የተባለው የስፔን ካህንና ደራሲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገና ልጅ ለነበረው ለንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ፔሬዝ የተባለውን አይጥ ታሪክ ጻፈለት። በአሜሪካ ትራስ ሥር ሳንቲም ትታ የምትሄደው የጥርስ መልአክ ደግሞ ከሁሉም ታናሽ ናት፤ በጋዜጣ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ሳንቲም የሚከፍሉት እነዚህ ወጎች ከጣሪያውና ከፀሐዩ ጋር ሲነጻጸሩ አንድ ነገር አጥተዋል። በፎገራ ልጁ ጥርሱን ለገንዘብ አይሸጥም፤ ጥርስ ሰጥቶ ጥርስ ይለምናል።

አይጥ የምትለመነው ጥርሷ ጠንካራ ስለሆነ ነው። ወፍ ግን ጥርስ የላትም። ታዲያ ቁራው ስለ ምን ይለመናል? ለዚህ መልስ የሚሆን የተጻፈ ሊቃውንታዊ ትርጓሜ መፈለግ አያስፈልግም፤ ቁራ በአገራችን አሳብ ውስጥ ያለውን ቦታ ማየት ይበቃል። በኦሪት ዘፍጥረት ኖኅ ከመርከቡ መጀመሪያ የላከው ቁራን ነው፤ ቁራውም ለኖኅ መልስ አላመጣለትም። ተልኮ የቀረ ሰው እስከ ዛሬ «የቁራ መልእክተኛ» ይባላል። በሌላ ጉዳይ ነቀፋ የሆነው ጠባይ እዚህ ላይ ሲመጣ ይፈለጋል፤ አሮጌው ጥርስ እንዲሄድ እንጂ እንዲመለስ ማንም አይሻም። ቁራው የጥርስ ባለቤት ሳይሆን ተሸካሚ ነው። ይህ ንባብ ለሁሉም መንደር ይሠራል ማለት አይቻልም፤ ግን ጥርስ የሌለው ወፍ ለምን እንደተመረጠ ከሌላው ሁሉ የተሻለ ያስረዳል።

በሳይንሱ በኩል የሚታየው ደግሞ ከልማዱ ያላነሰ ድንቅ ነው። ሕፃን ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ጥርስ ያበቅላል፤ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ሃያ የወተት ጥርሶች ይኖሩታል። ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ድረስ እነዚህ በየተራ ይወልቃሉ። የወለቀውን ጥርስ አገላብጦ ላየው ሥር የለውም። ሥሩ የጠፋው ከበታቹ እየገፋ የሚመጣው ቋሚ ጥርስ እያሟሟው ነው። እንግዲህ አዲሱ ጥርስ ልጁ ልመናውን ከማሰማቱ ከብዙ ዓመታት በፊት በድዱ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። የወተት ጥርስ ሥራ ማኘክ ብቻ አይደለም፤ ለቋሚው ቦታ ይዞ ይቆያል። ያለ ጊዜው ከወጣ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ቋሚውም መንገዱን ይስታል።

ይህን የጥርስ ተራ ተጠባባቂነት ከኢትዮጵያ ምድር በላይ በጥልቀት ያሳየ ቦታ ጥቂት ነው። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን በአፋር በዲኪካ ያገኛት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም የተዋወቀችው ሰላም፣ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞተች የሦስት ዓመት ገደማ የቅድመ ሰው ሕፃን ናት። የወተት ጥርሶቿ በመንጋጋዋ ላይ አሉ፤ በራጅ ሲታይ ደግሞ ገና ያልበቀሉት ቋሚ ጥርሶቿ ከውስጥ ተሰልፈው ይታያሉ። ተመራማሪዎች ዕድሜዋን የገመቱት ከእነዚሁ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው በአፋር፣ በአራሚስ፣ አርዲፒቴከስ የተባለውን ጥንታዊ ዝርያ ለመለየት ካስቻሉት ቅሪቶች አንዱ የሕፃን የወተት መንጋጋ ነበር። አንድ የሕፃን ጥርስ ያን ያህል ታሪክ ይሸከማል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወግ።

ሕፃኑ አምስትና ስድስት ወር ሲሆነው ተቅማጥ፣ ትኩሳትና ትውከት ሊይዘው ይችላል። ያለቅሳል፣ ጡት አልይዝ ይላል። አፉ ሲከፈት ክራንቻው በሚበቅልበት ቦታ ድዱ አበጥ ብሎ፣ ነጣ ብሎ ይታያል። ይህ እብጠት «ግግ ነው፤ ካልወጣ ይገድለዋል» ይባላል። ሕፃኑ በመንደሩ ወደሚታወቅ ነቃይ ይወሰዳል፤ ያ ሰው በጋለ መርፌ፣ በምላጭ ወይም በሌላ ሹል ብረት ድዱን ቀድዶ ለስላሳውን የጥርስ ጽንስ ያወጣዋል። የወጣው ነገር ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ነቃዩ ለእናትየው «ሕመሙን ያመጣው ትል ይኸው» ብሎ ያሳያታል። ትል አይደለም። ገና ያልጠነከረ ክራንቻ ነው።

ጉዳቱ ብዙ ነው። ሕፃን ያለው ደም ጥቂት ነው፤ ትንሽ የሚመስል መድማት አደጋ ይሆናል። ያልተቀቀለ ብረት ቴታነስን፣ የደም መመረዝን፣ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው የሚተላለፍ በሽታን ያስገባል። ተቅማጡም አይቆምም፤ እናት ግን ሕክምና አገኘ ብላ ጤና ጣቢያ ሳትሄድ ትቀራለች፤ ትልቁ ገዳይ ይህ መዘግየት ነው። በሕይወት የተረፈው ልጅም ቋሚ ክራንቻው ከወተት ክራንቻው አጠገብ ይሠራ ስለነበር ጥርሱ ተጣሞ፣ ተሰባብሮ ወይም ፈጽሞ ሳይበቅል ሊቀር ይችላል። ይህ ልጅ ስድስት ዓመት ሞልቶት ጥርሱን ጣሪያ ላይ ሲወረውር፣ ያለ ጊዜያቸው የተወሰዱበት ጥርሶች ለልመናው አይደርሱለትም።

ይህን ያደረጉትን እናቶችና አያቶች ማንኳሰስ ግን ስሕተት ነው፤ እምነቱ የእነርሱ ፈጠራ አይደለም። ሂፖክራተስ ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት ጥርስ የሚያበቅሉ ሕፃናት በድድ ማሳከክ፣ በትኩሳትና በተቅማጥ እንደሚሠቃዩ፣ ይህም ክራንቻ ሲበቅል እንደሚብስ ጽፎ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ የሕፃናትን ድድ መሰንጠቅ መከረ፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞችም ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ይህን ሠርተዋል። በእንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1839 ብቻ ከ5,000 በላይ ሕፃናት «በጥርስ ማብቀል» ሞቱ ተብሎ ተመዝግቧል። የሞቱት በተቅማጥ፣ በኢንፌክሽንና በረኃብ ነበር። የዚያ ዘመን ምርጥ ሐኪሞች የተሳሳቱበትን ነገር የፎገራ አያት ብትሳሳት አያስደንቅም።

ስሕተቱ የሚመነጨው ከጊዜው መገጣጠም ነው። ሕፃን ጥርስ የሚያበቅልበት ወራት ተጨማሪ ምግብ የሚጀምርበት፣ መዳኽ የሚጀምርበት፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባበት፣ ከእናቱ ያገኘው የመከላከል ኃይል የሚቀንስበት ወራት ነው። ፎገራ ላይ ሲሆን ይህ ይበልጥ ይከብዳል። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ቤተሰቦችን ከቤታቸው ያፈናቀለ ነበር። ጎርፍ የመጸዳጃ ጉድጓድንና የጉድጓድ ውኃን ሲያቀላቅል የሚታመመው በቅድሚያ የስድስትና የሰባት ወር ሕፃን ነው። ጥፋቱ የውኃው ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በድዱ ላይ ያርፋል።

ልማዱ በምሥራቅ አፍሪካ የተስፋፋ ነው። በኡጋንዳ፣ በሱዳን፣ በኬንያ፣ በሶማሊያ ይታወቃል፤ በታንዛንያ «የናይሎን ጥርስ» የሚል ስም ወጥቶለታል። አገር ለቆ የሚሄድም መሆኑን ያሳዩት በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ የመጡት ከጎንደር ነው። የእስራኤል የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያ በመጡ ልጆች ላይ የጎደሉ የወተት ክራንቻዎችን አግኝተዋል። ይበልጥ የሚያሳስበው እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ነው፤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እዚያው እስራኤል በተወለዱ ልጆችም ላይ ያው ምልክት ታይቷል። ዘመናዊ ሆስፒታል በሰፈር መኖሩ ብቻውን ልማድን አያስቀርም ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በአገር ደረጃ የታየው እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚቴ፣ በኋላ የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር የተባለው፣ የወተት ጥርስ ማስነቀልንና እንጥል ማስቆረጥን ከሴት ልጅ ግርዛትና ከያለዕድሜ ጋብቻ ጋር በአንድ መዝገብ ሲያሰፍራቸው ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እና 562 በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በእርጉዝ ሴቶችና በሕፃናት ላይ የሚደርስን ሞትና የአካል ጉዳት ያስቀጣል። ከሕጉ በላይ ግን ለውጥ ያመጣው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሥራ ይመስላል። ነቃዩ ጎረቤት ነው፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነበር፤ ባለሙያዋ ግን ደጃፍ ድረስ መጣች።

ስለ ጥርስ የሚነገር ሲነሣ ደቡብ ኦሞን ማለፍ አይቻልም። በሐመርና በካራ የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን «ሚንጊ» ተብሎ ለማኅበረሰቡ መዓት ያመጣል ይባል ነበር፤ ለሞትም ይዳረግ ነበር። የካራው ተወላጅ ላሌ ላቡኮ እነዚህን ሕፃናት እያዳነ ማሳደግ ጀመረ፤ ከሽማግሌዎቹም ጋር ለዓመታት ተነጋገረ። የካራ ሽማግሌዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ልማዱን በይፋ አስቀሩት። ልማድን ያስቀሩት ባለቤቶቹ መሆናቸው ለፎገራም ትምህርት አለው፤ ግግ ማስነቀልን ሊያስቀሩ የሚችሉት ከማንም በፊት አያቶች ናቸው። «እኔ ልጆቼን አስነቅዬ ነበር፣ ያንተን ግን አላስነካም» የምትል አንዲት አያት ቃል በመንደሯ ከፖስተር ሁሉ ይበልጣል።

የጣሪያው ወግ በበኩሉ ሌላ ፈተና ገጥሞታል። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ልጅ የሚወረውርበት ጣሪያ የለውም። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች የጥርስ መልአክን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ሰምተው ይመጣሉ፤ ወላጅም ሳንቲሙን ትራስ ሥር ያኖራል። ይህ ክፉ አይደለም። ግን ሁለቱን ማስኬድ ይቻላል፤ ጥርሱን ከእናቱ ወይም ከአያቱ ጋር ደጅ ወጥቶ፣ የታወቀውን ቃል በአማርኛ ብሎ ወደ አንድ ጣሪያ የወረወረ ልጅ ምንም አያጣም። የሚያሳዝነው ቃሉ ሳይጻፍ እየቀረ መሄዱ ነው። በፎገራ፣ በደራ፣ በሊቦ ከምከም ያሉ አያቶች የሚሉት ቃል ምን ያህል እንደሚለያይ መመዝገብ የሚችሉት ዛሬ በሕይወት ያሉት ናቸው። ስልክ ያለው የልጅ ልጅ ሁሉ ድምፃቸውን ሊቀዳ ይችላል፤ የደብረ ታቦርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የቋንቋና የፎክሎር ተማሪዎችም ከዚህ የተሻለ ቅርብ ርዕስ አያገኙም።

ሕፃን በእቅፏ ያለች እናት ደግሞ ይህን ትስማ። ድድ ማበጥ የጥርስ ማብቀል ምልክት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ልጅሽን ሲያስቀምጠው ጡት አታቋርጪ፤ አንዱን የኦአርኤስ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠሽ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ አጠጪው፤ ከጤና ባለሙያዋ ዚንክ ተቀበዪና የተባልሽውን ቀን ያህል ስጪው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመና አልጠጣ ካለ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ከበረታ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ወደ ነቃይ አትውሰጂው።